ያልተጠየቀ ዕዳ፤ ስለ ኪራይ ሱቅና ስለ መብራት ሒሳብ ታሪክ

(በራዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)

ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ ጊዜ አውግተናል። በዛሬው ንግግሬ ደግሞ በየሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ቀንና ሌሊት ስለምትቈጥረው ስለ ኤሌክትሪክ ቆጣሪ፣ በእርሷም ምክንያት በአከራይና በተከራይ መካከል ስለሚነሣው ክርክር ላጫውታችሁ አስቤአለሁ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከእናንተ መካከል ከደመወዙ ቀንሶ ቤት የሚከራይ፣ ቆጥቦ በሠራት ክፍል ተከራይ የሚያስገባ፣ ወይም በመሥሪያ ቤቱ የኪራይ ውል ላይ የሚፈርም ይኖራል፤ ስለዚህ ነገሩ የማይነካው ሰው ጥቂት ነው። እኔንም ነክቶኛል፤ የነካኝም በገዛ ምክሬ ነው።

አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅና ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና ድንች ይበቅልበታል፤ ብርዱም ሻይ ያስወድዳል። ታላቅ እኅቴ በዚህች ከተማ በመንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ ሻይ ቤት ከፍታ ትሠራለች። ቤቱ አራት ክፍል ነው፤ በሌሎቹ ክፍሎች አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ጸጉር አስተካካይ፣ አንድም የስኳርና የሳሙና ቸርቻሪ ተከራይተዋል። ለአራቱ ያለችው ቆጣሪ ግን አንዲት ብቻ ናት፤ እርሷም በአከራዩ ሟች አባት ስም የተመዘገበች ነበረች።

የኪራይ ውላቸው በቃል ነበር። አከራዩ እኅቴን፣ «እታለም፣ ኪራዩ ለብቻው ነው፤ የመብራቱን ደግሞ ሒሳቡ ሲመጣ እንደየአጠቃቀማችሁ ትከፋፈላላችሁ» አሏት። እርሷም «እሺ አያ» ብላ ቁልፉን ተቀበለች። በመጀመሪያዎቹ ወራት ነገሩ በደንብ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሒሳቡን ይከታተል የነበረው የአከራዩ ልጅ ለሥራ ወደ ሌላ አገር ሄደና ጠያቂ ጠፋ። አከራዩም ዝም አሉ፤ ተከራዮቹም ዝም አሉ። መብራቱ ግን ይበራል፤ ቆጣሪዋም ትዞራለች።

በሦስተኛው ወር እኅቴ በስልክ ጠራችኝና፣ «ወንድምዓለም፣ የመብራቱን ገንዘብ የጠየቀኝ የለም፤ ለብቻው ላስቀምጠው ወይስ ዕቁብ ልግባበት?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ከዕለት ሥራዬ በለመድሁት አነጋገር፣ «እትዬ፣ ሰነድ ያልቀረበበት ሒሳብ አይከፈልም፤ ወረቀቱ ሲመጣ ያን ጊዜ ይታሰባል» አልኋት። የመንግሥት ሠራተኛ ወንድሟ የተናገረውን እንደ ሕግ ቈጥራ ገንዘቡን ዕቁብ ገባችበት። በስምንተኛው ወር መጨረሻ ላይ መስመሩ ሊቈረጥ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰ፤ የስምንቱም ወር ሒሳብ ተደምሮ 6,400 ብር ሆኖ ተገኘ። በዚህ መካከል ጸጉር አስተካካዩ በአምስተኛው ወር ቁልፉን መልሶ ሄዷል፤ በእርሱም ቦታ ሌላ ገብቷል። የእኅቴም የዕቁብ ተራ ገና አልደረሰም ነበር።

የክርክሩን ፍጻሜ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። አስቀድሞ ግን እንዲህ ያለው ክርክር ከየት እንደ መጣ እንመልከት፤ አባቶቻችን ስለ ኪራይም ስለ ንግድም ብዙ ያውቁ ነበር፤ በዚህ ዓይነት ጉዳይ ግን ሲካሰሱ አናገኛቸውም።

የወገራ ሜዳ ከጥንት ጀምሮ የነጋዴ መንገድ ነው። ከትግራይ በኩል የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሊማሊሞን ገደል ወጥቶ፣ በደባርቅና በዳባት አድርጎ፣ ወገራን አቋርጦ ጎንደር ይገባ ነበር። የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1770) ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ከሚተላለፈው ሸቀጥ ዋነኛው ከአፋር የጨው ሜዳ ተቈርጦ የሚመጣው አሞሌ ሲሆን፣ እርሱም ዕቃም ገንዘብም ነበር። አሞሌ ከተቈረጠበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምራል፤ ጠርዙ ከተሰበረ ደግሞ ዋጋው ይቀንሳል። ስለዚህ ሰጪም ተቀባይም አሞሌውን በእጃቸው ገልብጠው፣ በዓይናቸው አይተው ይለዋወጡ ነበር። እህልም በቁና ሲሰፈር ሻጭና ገዢ ቁናው ሲሞላ አብረው ያያሉ። የቁናው ልክ ከአገር አገር ይለያይ ነበር፤ ሆኖም በአንድ ገበያ የቆሙ ሁለት ሰዎች የሚያዩት ቁና አንድ ነው።

መብራትም እንደዚሁ ነበር። ሱቅ የተከራየ ሰው ለኩራዙ ወይም ለፋኖሱ የሚያስፈልገውን ጋዝ በጠርሙስ ገዝቶ ያመጣል፤ ውሃውን ከምንጭ ያስቀዳል፤ ማገዶውን በሸክም ይገዛል። ገንዘቡ የሚወጣው አምፖሉ፣ ማለት ኩራዙ፣ ከመብራቱ በፊት ነው። ጋዙ ካለቀ ጨለማ ነው፤ የጨለማ ዕዳ ደግሞ የለም። ባለቤቱ የሚያከራየው ግድግዳና ጣራ ስለሆነ፣ በእርሱና በተከራዩ መካከል የሚቀረው ሒሳብ የኪራይ ሒሳብ ብቻ ነበር። ከግብጽ በዐረብኛ ተጽፎ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥታችን ስለ ኪራይ የሚናገር ክፍል አለው፤ ነገር ግን ሊቃውንቱ በሽቦ የሚመጣ ብርሃን ስላላዩ፣ ቀድሞ ተበልቶ በኋላ ስለሚቈጠር መብራት ሊጽፉልን አይችሉም ነበር።

የኤሌክትሪክ ብርሃን ይህን ሥርዓት ገለበጠው። ቀድሞ ገንዘቡ ይወጣና መብራቱ ይከተል ነበር፤ አሁን መብራቱ ይቀድምና ገንዘቡ ይከተላል። በመካከሉም አንድ ወር፣ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ወራት ያልፋሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተበላው ብርሃን በእውነት ዕዳ ነው፤ ሆኖም ወረቀት ስላልደረሰ ዕዳ መሆኑ አይታወቅም። ዛሬ በየከተማው የምናየው ጠብ ሥሩ ይህ ነው።

ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን በኒው ዮርክ ከተማ በፐርል ጎዳና ያቋቋመው ማመንጫ ሥራ የጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መስከረም 4 ቀን 1882 ነው። በዚያ ቀን የበራው 400 ያህል አምፖል ነበር፤ ደንበኞቹም አብዛኞቹ የንግድና የሥራ ቤት ባለቤቶች ነበሩ። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ወራት ኩባንያው ሒሳብ አልጠየቀም፤ ብርሃኑን በነጻ አበራላቸው። የመጀመሪያው የመብራት ሒሳብ ወረቀት የተላከው በጥር ወር 1883 ሲሆን፣ የተላከውም አንሶንያ ለሚባል የናስና የመዳብ ኩባንያ ነበር፤ ልኩም 50 ዶላር ከ44 ሳንቲም ነው። ከዚህ እንደምታዩት፣ በዓለም ላይ ከታወቁት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች አንዱ ሥራውን የጀመረው ሒሳብ ባልተጠየቀበት ብርሃን ነው። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ ኩባንያው በነጻ መስጠቱን ሰጪውም ተቀባዩም ያውቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመለኪያ ነገር መጣ። የኤዲሰን የመጀመሪያ ቆጣሪ በመፍትሕ ውስጥ የተነከሩ የዚንክ ዝርግ ብረቶች የያዘ ብልቃጥ ነበር። ኤሌክትሪኩ ባለፈ ቁጥር ዚንኩ ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ስለሚሄድ፣ የኩባንያው ሰው በየጊዜው ብረቱን ወስዶ ይመዝናል፤ በክብደቱም ልዩነት ሒሳቡን ያወጣል። በብርድ ወራት ፈሳሹ እንዳይረጋ በቆጣሪው ሣጥን ውስጥ የምታሞቀው አንዲት አምፖል ተደርጋ ነበር። ነገሩ በብልሃት የተሠራ ቢሆንም አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው፤ ደንበኛው ቆጣሪውን ማንበብ አይችልም። ሒሳቡን የሚያውቀው መዛኙ ብቻ ነው። ቁናውን ሻጩ ብቻውን ጓዳ ገብቶ ሰፍሮ «ይህን ያህል ሆነ» እንደሚል ዓይነት ነው።

ይህን ጉድለት ያቀናው በሌሎች መሐንዲሶች ሥራ ነው። ከእነርሱም መካከል በቡዳፔስት በጋንዝ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው የሃንጋሪው ተወላጅ ኦቶ ብላቲ በ1889 (እ.ኤ.አ.) በመግነጢስ ኀይል የምትዞር ክብ ዝርግ ያላትን ቆጣሪ ሠራ። በየቤታችን በመስተዋት ውስጥ ስትዞር የምናያት ክብ ዝርግ ትውልዷ ከዚያ ነው። ከእርሷ በላይ ያሉት ቁጥሮች በግልጽ ይነበባሉ። ስለዚህ ቁናው እንደገና በሁለት ሰዎች ዓይን ፊት ተቀመጠ። አስቡበት፤ መሐንዲሱ ሠርቶ ያስቀመጠልንን ቁጥር ስንቶቻችን ነን ቀና ብለን የምናነበው?

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኤሌክትሪክ ብርሃን በመጀመሪያ የታየው በ1890 ዓ.ም. አካባቢ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። ቆይቶም በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል የውሃ ኀይል ማመንጫ ተሠራ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1940 ዓ.ም. የሸዋ ኤሌክትሪክ ኀይል ተቋቋመ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኀይል ባለሥልጣን በቻርተር ተመሠረተ። በዓባይ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለባሕር ዳር ከተማና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ኀይል ሰጠ። ከዋናው መስመር የራቁት ብዙ ከተሞች ግን በናፍጣ ሞተር የሚሠራ የየራሳቸው ማመንጫ ነበራቸው።

በዚያው ዘመን ሕጉም ተሠራ። የፓሪሱ የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። ይህ ሕግ ዛሬም በሱቅ ኪራይ ክርክር ላይ የሚጠቀስ ስለሆነ ሦስት አንቀጾቹን ማወቅ ይጠቅማችኋል። አንቀጽ 1731 በሕግ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ መብራትና ውሃ በኪራዩ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው ነው የሚለው አስቀድሞ በውሉ ሊጻፍ ይገባል። አንቀጽ 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላ ሰው ሥራ ወይም ሀብት የተጠቀመ ሰው፣ በተጠቀመበት ልክ ያንን ሰው እንዲክስ ያዝዛል። አንቀጽ 1845 ደግሞ ሕጉ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር ከውል የሚመነጭ ክስ የሚቀርበው በ10 ዓመት ውስጥ መሆኑን ይወስናል።

እንግዲህ «ሰነድ ያልቀረበበት ሒሳብ አይከፈልም» ያልሁት ቃል በዚህ ሚዛን ሲመዘን ምን ይሆናል? ለመንግሥት ግምጃ ቤት እውነት ነው፤ ሰነድ ሳይኖር ገንዘብ ማውጣት በደል ነው። ነገር ግን ያልተከፈለ ዕዳ የሌለ ዕዳ መሆኑን አያሳይም። ወረቀቱ ዕዳውን ያስታውቃል እንጂ አይፈጥረውም። ዕዳውን የፈጠረው የበራው አምፖልና የፈላው ጀበና ነው። አከራዩ ዝም በማለታቸው ይቅር አላሉም፤ ተከራይዋም ዝም በማለቷ አልከፈለችም። እኔ የክፍያን ደንብ ከዕዳ ደንብ ጋር አደባልቄ ለእኅቴ ሰጠኋት፤ ስሕተቴም እዚህ ላይ ነው።

የቤት ኪራይ ታሪክ ደግሞ በመካከሉ ብዙ ተለዋውጧል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሀብት ሆነ፤ ኪራይም ተቀነሰ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። ዘመኑ ተለውጦ የግል አከራይ በየመንገዱ ዳር እንደገና ሲበዛ፣ የኪራይ ውል ወደ ሁለት ሰዎች ስምምነት ተመለሰ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ኪራይን የሚቈጣጠረው በመኖሪያ ቤት ላይ ነው፤ ሱቅና ሻይ ቤት በዚያ ውስጥ አይገቡም። የንግድ ቤት ተከራይ የሚጠለልበት ውሉና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው ማለት ነው። ውሉ በቃል ብቻ ሲሆን ግን መጠለያው ይሳሳል።

የመብራቱም መሥሪያ ቤት ስሙና አቋሙ ተለዋውጧል። የቀድሞው ባለሥልጣን በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ኀይል ማመንጨቱን፣ ሁለተኛው ለደንበኛ ማከፋፈሉንና ሒሳብ መሰብሰቡን ያዘ። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኤሌክትሪክ ማዳረስ ፕሮግራም ብዙ የገጠር ከተሞችና ቀበሌዎች መስመር አገኙ። መስመሩ ሲበዛ ሱቁ በዛ፤ ሱቁ ሲበዛም በአንድ ቆጣሪ ላይ ሦስትና አራት ተከራይ መሰካት የተለመደ ሆነ።

ቀድሞ መብራት ርካሽ ስለነበረ በዚህ የሚጣላ ጥቂት ነበር። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ከብዙ ዓመት በኋላ ታሪፉ ሲሻሻል፣ በመኖሪያ ቤት ተመን በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ሰው የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ከ27 ሳንቲም ጥቂት አልፎ በነበረበት ተተወ፤ አጠቃቀሙ ከዚያ እየጨመረ በሄደ መጠን ግን ዋጋው በየደረጃው ከፍ እንዲል ተደረገ። ሁለተኛው ማሻሻያ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚፈጸም ሆኖ ወጣ። ይህን የደረጃ ሥርዓት ልብ በሉ። በመኖሪያ ቤት ተመን በተመዘገበች አንዲት ቆጣሪ ላይ አራት ሰዎች ሲጠቀሙ፣ እያንዳንዳቸው በዝቅተኛው ደረጃ የሚቀሩት ሰዎች ተደምረው ወደ ከፍተኛው ደረጃ ይወጣሉ። እንዲሁም ሳይነበብ የቆየ የብዙ ወር አጠቃቀም በአንድ ወር ላይ ቢቈለል፣ ሒሳቡ ከሚገባው በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው አጠቃቀሙ በየወሩ ተበትኖ እንዲታሰብለት መጠየቅ ይገባዋል።

አሁን ወደ አምባ ጊዮርጊሱ ክርክር እንመለስ። አከራዩ አራቱን ተከራዮች ጠርተው ሒሳቡን ባሳዩ ጊዜ፣ ልብስ ሰፊው «የእኔ ካውያ ነው፤ እርሱም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ» አለ። ቸርቻሪው «እኔ አንድ አምፖል ብቻ ነው ያለኝ» አለ። አዲሱ ጸጉር አስተካካይ «ከመምጣቴ በፊት የበራውን አላውቅም» አለ፤ እውነቱንም ነው። ሁሉም ወደ እኅቴ የሻይ ምድጃ ተመለከቱ። እርሷ ጧት ጧት በከሰል እንደምታፈላ ተናገረች፤ ነገር ግን የሚመሰክርላት ቁጥር አልነበራትም። በስምንት ወር ውስጥ ቆጣሪዋን አንድ ቀን እንኳ ያነበበ ሰው ከመካከላቸው አልተገኘም።

ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ቁናው ስላልታየ በግምት መፍረድ ግድ ሆነባቸው። ከ6,400 ብር ውስጥ ግማሹን፣ ማለት 3,200 ብር፣ በሻይ ቤቱ ላይ አደረጉ። ልብስ ሰፊው 1,200፣ ቸርቻሪው 800 ብር እንዲከፍሉ ወሰኑ። በጸጉር ቤቱ ላይ የደረሰው 1,200 ብር ለስምንት ወር ሲካፈል፣ አዲሱ ሰው ለሦስት ወር 450 ብር እንዲከፍል፣ የሄደው ሰው የአምስት ወር ድርሻ የሆነው 750 ብር ግን በአከራዩ ላይ እንዲወድቅ ፈረዱ። ከሽማግሌዎቹም አንዱ አከራዩን፣ «አያ፣ ቁልፉን ሲመልስልዎ ቆጣሪውን አይተው ቢሆን ኖሮ ይህ ገንዘብ ከእርስዎ ኪስ አይወጣም ነበር» አሏቸው። አከራዩም ተቀበሉት።

እኅቴ ግን ግማሹ በዝቶባት እንደ ሆነ፣ ወይም አንሶላት እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም። እኔም አላውቅም። በጠፋ ቁጥር ላይ የተሠራ ፍርድ ሰላም ያወርዳል እንጂ እውነትን አያመጣም። ዕቁቧ እስኪደርስ ድረስ 1,600 ብር ከደመወዜ ላክሁላት፤ የቀረውን በሦስት ወር እንድትከፍል አከራዩ ታገሷት። ገንዘቡን ስልክላት፣ «ወንድምዓለም፣ ያንተ ምክር በወር ደመወዝ የሚኖር ሰው ምክር ነው፤ እኔ የምኖረው በዕለት ገበያ ነው» አለችኝ። ይህን ቃሏን ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ለየሥራችሁ የሚሆን ነገር ልናወጣ እንችላለን። ሱቅ ወይም ቢሮ የምትከራዩም የምታከራዩም ብትሆኑ፣ ቁልፍ በሚሰጥበት ቀን የመብራቱንና የውሃውን ቆጣሪ ቁጥር ሁለታችሁ አብራችሁ አንብቡና በውሉ ላይ ጻፉት፤ ፈርሙበትም። ቆጣሪው በማን ስም እንደ ተመዘገበ ጠይቁ፤ መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው የተመዘገበውን ደንበኛ ስለሆነ፣ ባለቤቱ በሞተ ወይም ቤቱ በተሸጠ ጊዜ ስሙ ይዛወር። በየወሩ አንድ የተወሰነ ቀን ቁጥሩን በደብተር መዝግቡ። ብዙ ተከራይ ካለ ለየክፍሉ መለኪያ ማስገባት፣ ይህ ካልተቻለ የየክፍሉን ድርሻ አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን ከኋላ ክርክር ያድናል። ወረቀት ባይመጣም የወሩን ግምት ለብቻ አስቀምጡ፤ ያ ገንዘብ በኪሳችሁ ያለ የሌላ ሰው ገንዘብ ነው። ተከራዩ ሲወጣም ቁልፉ ከመመለሱ በፊት ቁጥሩ እንደገና ይነበብ።

በመሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ለምትሠሩት ደግሞ አንድ ቃል ልጨምር። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። መሥሪያ ቤታችሁ በግል ሰው ቤት ተከራይቶ ከሆነ፣ በግንቦትና በሰኔ የበራው መብራት ወረቀቱ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ የአሮጌው ዓመት በጀት ተዘግቷል፤ አዲሱ ደግሞ ለአዲሱ ሥራ የተመደበ ነው። አከራዩም በደጃችሁ ይመላለሳል፤ ትናንሽ ልጆች ያሉት፣ ከኪራዩ በቀር ሌላ ገቢ የሌለው ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቆጣሪውን ከሰኔ 30 በፊት አስነብቡ፤ ሒሳቡንም እናንተው ጠይቃችሁ አስመጡ። ዕዳን ፈልጎ መክፈል የመንግሥትን ክብር ይጠብቃል።

በብዙ ከተማ ዛሬ በቅድሚያ ክፍያ የሚሠራ ቆጣሪ እየገባ ነው። ሰውየው አስቀድሞ ይከፍላል፤ የከፈለው ሲያልቅ መብራቱ ይጠፋል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር ሒሳብን በእጅ ስልክ መክፈል የተቻለበት ዘመን ላይ ደርሰናል። በብዙ ጥበብና በብዙ ድካም ዞረን ወደ አያቶቻችን የጋዝ ጠርሙስ ሥርዓት መመለሳችን ነው፤ ገንዘቡ ይቀድማል፤ ብርሃኑ ይከተላል። ሆኖም ይህ ቆጣሪ በሁሉም ቤት እስኪገባ ድረስ፣ ከገባም በኋላ አራት ሰዎች በአንዱ ላይ እስከ ተሰኩ ድረስ፣ ቁጥሩን አብሮ የማንበብ ግዴታ አይቀርም።

እኅቴ አሁን በሻይ ቤቷ በር ጀርባ አንዲት ደብተር ሰቅላለች። በየወሩ መባቻ ከአከራይዋ ጋር ቆጣሪዋ ሥር ቆመው ቁጥሩን ያነባሉ፤ አከራዩ የማየት ኀይላቸው ስለ ደከመ እርሷ ጮኻ ትነግራቸዋለች፤ ልብስ ሰፊው ይጽፈዋል። ባለፈው ጊዜ ለጥየቃ ስሄድ ያን ደብተር ገልጬ ተመለከትሁ። ስድስት ወር ተመዝግቦበታል፤ በየመሥመሩም ሁለት ፊርማ አለ። ሻይ አቅርባልኝ ከጠጣሁ በኋላ ለመክፈል እጄን ወደ ኪሴ ብሰድድ፣ «ይሄ ደግሞ ሳይጠየቅ የሚከፍለው ምን ሆኖ ነው!» ብላ ሳቀችብኝ።